ሽፈራውን ቆረጡት

አምና፣ ክረምት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ሳስበው ሳቅም እንባም አንድ ላይ ይመጣብኛል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ ነበር። ከጎረቤቴ ከዘነበች ጋር ሆነን፣ ሌሎችም ሴቶች ተጨምረው፣ ጠርገን ጎመንና ስኳር ድንች አለማንበት። ዘነበች መሀሉ ላይ ሃለኮ ተከለች። ሃለኮ የምንለው በአማርኛ ሽፈራው የሚባለውን ዛፍ ነው። እሷ ወልዳ አታውቅም። "ልጅሽ እንዴት አደረ?" ስንላት፣ "ሽፈራው ደህና ነው፤ ከእናንተ ልጆች ይሻላል፣ አይሰክርም!" ትለን ነበር።

ምን ልል ነበር... አዎ። እዚያ ቦታ ማንም ለምኖ አያውቅም። ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰው "ውሃ ላጠጣ መጣሁ" ብሎ ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ሲመለስ ለኩርኩፋ የሚሆን ቅጠል ከበቆሎ ዱቄት ጋር ሊያበስል ይዞ ይሄዳል። ማንም አይጠይቀውም። እኔም ራሴ ስንት ቀን ውሃ አጠጥቻለሁ።

ዘነበች ታማ ሞተች። ቀብሯ ላይ ዘመድ ነኝ ያለ አልመጣም። ቆይቶ ቦታው ለሕንፃ ይፈለጋል ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት ማሽን ገባ።

"ሽፈራውን ቆረጡት! ኧረ ሽፈራውን ቆረጡት!" እያልኩ ወደ ግቢ ሮጥኩ። ግቢያችን ውስጥ ሥራ ፍለጋ የመጣች የጎንደር ልጅ ተከራይታለች፤ ገና አገሩን አልለመደችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እያለቀሰች ወጣች።

"እማማ፣ ልጅዎ ነው?"

"የዘነበች ልጅ ነው" አልኳት።

አቅፋኝ አለቀሰች። "ስንት ዓመቱ ነበር? ፖሊስ ተጠራ?" ስትል ነው የገባኝ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ወስጄ ዛፉን አሳየኋት። አፍራ ነጠላዋን ልታስተካክል ስትል እጇን ያዝኳት።

"ተዪው ልጄ፣ ለቅሶ ነው።"

ግንዱ አጠገብ ከእኛ ጋር ቁጭ አለች።

ከቅርንጫፉ አንዱን ደጄ ላይ ተከልኩት። አልያዘም።

አሁን ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ማን በልቶ እንዳደረ፣ ማን እንዳልበላ አላውቅም። ያቺ የሰው አገር ልጅ ለዘነበች ልጅ ማልቀሷ ያጽናናኛል። አመሻሽ ላይ ግን እጄ ስለለመደ ጀሪካን አነሳለሁ። በር ላይ ስደርስ ነው ትዝ የሚለኝ።