ወንዛዬ መሄዴን ያመንሁ ዕለት

አማቴ ዱርቤቴ ነው የሚኖሩት። በዓመት አንዴ፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ከዚያ ባሕር ዳር እኛ ዘንድ ይሰነብታሉ። ጉልበቴ እንደ ልጃገረድ ሆነልኝ ሲሉ እኔ ዝም አልልም።

«እማማ፣ ሙቅ ውኃ ከሆነ የፈለጉት እኛም ቤት ማሞቂያ አለ እኮ። ይህን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደዎት?»

«ወገብህ የጠየቀህ ቀን ትሄዳታለህ» ይሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ያልፉታል። ይህን ቀልድ ስንት ዓመት እንደቀለድሁት ሚስቴ ታውቃለች። ሰልችቷታልም።

አምና ወገቤ ጠየቀኝ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። አንድ ቀን ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ላነሣ ጎንበስ አልሁና እንደ ጎነበስሁ ቀረሁ። ሚስቴ ነርስ ስለሆነች ክኒኑንም ቅባቱንም አላጓደለችብኝም። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ «ለመስክ ሥራ ወረታ ልሄድ ነው፣ እሁድ እመለሳለሁ» ብዬ ወንዛዬ ሄድሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን የመስክ ሥራ እንዳለው አልጠየቀችኝም። ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ቀን ከሽማግሌዎች ጋር እስከ አንገቴ ተነክሬ ዋልሁ። እሁድ ጠዋት ያለማንም እርዳታ ጫማዬን አሰርሁ። እልል ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን ለማን ይነገራል? ጭራሽ ቤት ገብቼ እንዳይታወቅብኝ አልፎ አልፎ «ውይ ወገቤ» እል ጀመር።

ከወር በኋላ አማቴ መጡ። እሁድ ለምሳ ሁላችንም ሐይቁ ዳር ወርደን ዓሣ አዘዝን። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ደብተሯን ይዛ ነበር። ለሰኞ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አለባት፦ አድሚት፣ ኮንፌስ፣ አክኖሌጅና ኮንሲድ የሚሉትን አራት ቃላት ልዩነታቸው እንዲታይ አድርጎ ዓረፍተ ነገር መሥራት።

«አባዬ፣ አድሚት ምንድን ነው?»

እናቷ ቀደመችኝ። «አድሚትማ ቀላል ነው። በሽተኛ አልጋ ይዞ ሲተኛ ነው።»

«ቲቸር ግን ስለ ጥፋት ነው ያለን።»

«እኛ ዘንድ ለበሽተኛ ነው» አለች ሚስቴ፣ ከዓሣው አጥንት እየለቀመች።

አክኖሌጅ ላይ ሲደረስ ተራው የእኔ ሆነ። «ደብዳቤው ደርሶኛል ብለሽ ስትፈርሚ ማለት ነው» አልሁ በሙሉ ልብ።

ልጄ ሁለታችንንም ታዝባን የእናቷን ስልክ ወሰደችና እያነበበች ትተረጉምልን ጀመር። አድሚት ሳይወዱም ቢሆን ጥፋትን ማመን ነው። ኮንፌስ የደበቁትን በራስ አንደበት መናዘዝ። አክኖሌጅ አንድ ነገር እውነት መሆኑን መቀበል። ኮንሲድ ደግሞ ሲከራከሩ ቆይተው ተረትቻለሁ ማለት።

አማቴ በጥሞና ሲሰሙ ቆዩ። «ማመንና መናዘዝ ለየቅል መሆናቸውንማ እኛም እናውቃለን» አሉ። «ሲይዙህ ታምናለህ፤ ሳይዙህ ትናዘዛለህ።»

ልጄ እንዳለ ጻፈችው። «አያቴ፣ ምሳሌ ይስጡኝ።»

«ምሳሌ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ሰው አለ እንበል። ፍል ውኃ በሚሄዱ ሰዎች ሲስቅ የኖረ። ከዕለታት አንድ ቀን ወገቡን ያመዋል። ለሚስቱ ወረታ ነኝ ይላታል።»

ዓሣው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሚስቴ ቀና እንኳ ሳትል የውኃውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ከዚያስ?» አለች ልጄ እየጻፈች።

«ከዚያማ የዱርቤቴ ሰው ውኃው ውስጥ አግኝቶ ሰላም ይለዋል። እሱ ፊቱን በፎጣ ይሸፍናል።»

እውነት ነው፣ ሸፍኛለሁ። ሰላም ያሉኝን ሽማግሌ የት እንደማውቃቸው ባላስታውስም፣ ለማንኛውም ብዬ ነበር ፎጣውን የሳብሁት። የአማቴ ጎረቤት መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አልኋት ሚስቴን።

«ሰኞውኑ እማዬ ደወለችልኝ። አንተ ‹ውይ ወገቤ› ባልህ ቁጥር ሳቄን አፍኜ ወደ ጓዳ ነበር የምሮጠው።»

«በቃ እሺ» አልሁ፤ «እናዘዛለሁ። ወንዛዬ ሄጃለሁ።»

«አይሆንም!» አለች ልጄ። «ከተያዝህ በኋላ ስለሆነ አድሚት ነው የምጽፈው።»

በፈቃዴ ነው የተናገርሁት ብዬ ተከራከርሁ። አማቴ ግን «ተው ልጄ፤ የሚናዘዝ ሰው ንብረቱንም አብሮ ያወርሳል። ያንን ማሞቂያህን ለማን ልትሰጠው ነው?» ሲሉ ሚስቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ሳቁ ሲበርድ «ለመሆኑ ውኃው ተስማማህ?» አሉኝ፤ አሁን ከልባቸው ነበር። ወር ሙሉ ለሰው ልነግረው ሲያምረኝ የከረመውን ሁሉ ዘረገፍሁላቸው፤ ስለ ጫማው እንኳ ሳይቀር። እሳቸውም እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ወደ ሐይቁ እያዩ ቀስ ብለው፣

«እኔን እንኳ ጉልበቴን ያን ያህል አላሻለኝም» አሉ።

ሚስቴ ደነገጠች። «እንዴ! በየዓመቱ ተሻለኝ ስትይን?»

«እሱ ሲስቅብኝ ምን ልበል? አባትሽ ከሞተ ወዲህ እዚያ የማገኛቸው ሴቶች አሉ። ከውኃው ዳር ተቀምጠን ስናወራ ቀኑ ይመሽልናል። ለእነሱ ነው የምሄደው።»

ልጄ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ይሄስ ይጻፍ?»

«ይሄ አይጻፍም» አሉ አማቴ።

ዘንድሮ እህል ሲገባ ከዱርቤቴ ተነሥተው የሄዱት ከእኔ ጋር ነው። ወንዛዬ እንደደረስን ሦስት አሮጊቶች ከሩቅ አይተዋቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። አማቴ ያ የሚያማቸው ጉልበት እንዴት እንደፈጠነላቸው እንጃ፣ እኔን ከነመኖሬም ረስተው ገሠገሡ። ሻንጣቸውን ተሸክሜ ስደርስ አራቱም ተቃቅፈው ስለማላውቀው ሰው ሠርግ እያወሩ ነበር።