ካርኒው ላይ ያለችው «ሻ»

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀበሌው ሴቱን ሁሉ በግድ አዳራሽ እየሰበሰበ ባስተማረ ጊዜ። አብረውኝ የተማሩት ምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ፊደሉን ረሱት። ምን ያንብቡበት? እኔ ግን የማነበው አላጣሁም። የኅብረት ሱቁን ካርኒ አነብ ነበር።

ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ጨውም በራሽን ነው። በወር በወሩ ተሰልፈን እንወስዳለን። የሱቁ ሠራተኛ ደግሞ ወረቀት የሚሰስት ሰው ነበር። ካርቦኑን ከሥር አድርጎ ሲጽፍ ሙሉ ቃል አይጽፍም። ስኳር «ስ» ናት፣ ሳሙና «ሳ»፣ ጨው «ጨ»፣ ክብሪት «ክ»። ከጎኗ ዋጋዋ፣ ከሥር ድምሩ፣ አለቀ። ሴቱ ካርኒውን አጣጥፎ መቀነቱ ውስጥ ይሸጉጥና ወደ ቤቱ። «ሳ» አንድ ትሁን ሁለት ማን ልብ ብሎ?

እኔ ልብ አልኩ። አንድ ጊዜ አንድ ሳሙና ወስጄ ሁለት «ሳ» ተጽፎብኝ አገኘሁ። ሰልፉን ሰንጥቄ ተመለስኩና ካርኒውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት።

«ጓድ፣ ይህቺ ሁለተኛዋ ሳ የማን ናት? የመንግሥት ናት ወይስ ያንተ?»

«ስህተት ነው፣ እኅቴ» አለ፣ ጆሮው እየቀላ።

«ያንተ ስህተት እኮ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው! አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች ተሳሳትልን እንጂ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ካርኒውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ «ይኼ ልክ ነው፣ ይኼ ተጨምሮብሻል፣ ሂጂ አስመልሺ» እላለሁ። ሰውዬው እኔን ሲያይ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባሌ የአውራጃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊና የፓርቲ እጩ ነው፤ እጩ ከሆነ ወዲህ እሱም እኔም ከደብሩ ደጅ ቀርተናል። ድምር መደመርን ያስተማረኝ እሱ ነው። «አንቺን ኦዲተር ብለው በቀጠሩሽ» እያለ ይስቅብኛል። ኋላ ላይ ደሞዝ በተቀበለ ቀን አስቤዛውን እሱ ራሱ ከሱቅ ይዞ ይመጣል። እኔ ዕቃውን አንድ ባንድ መደቡ ላይ እደረድርና ካርኒውን ከዕቃው ጋር አስተያያለሁ። አምስት ሳንቲም ብትበልጥ እሱ ራሱ «ተመለሺበት፣ አትተይው!» የሚል ሰው ነበር።

ለሁለታችን የጎደለን ልጅ ነው። ከተጋባን ብዙ ዓመት ሆኖናል፣ ልጅ የለም። እናቱ ከገጠር ከቀየት በመጡ ቁጥር የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ምድጃው ዳር ይቀመጡና፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ልጄ፣ ዘር ይቅርብህ ወይ?» ይሉታል። እሱ መልስ አይሰጣቸውም። ሌላ አግባ ማለታቸው መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔ የምፈራው የሳቸውን ጥያቄ አልነበረም። የሱን ዝምታ ነው የምፈራው። አንድ ቀን «እሺ» ያላቸው እንደሆነስ እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ታዲያ አንድ ወር ካርኒው ላይ አዲስ ፊደል አየሁ። «ስ»፣ «ሳ»፣ «ጨ»፣ «ክ»፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ «ሻ»። ዋጋም አላት። መደቡን አየሁ፣ ቅርጫቱን ገለበጥኩ። በ«ሻ» የሚጀምር ዕቃ የለም።

«ይኼ ሰውዬ ዛሬም ጨምሮብናል» አልኩት። «ነገ ሄጄ ልኩን አሳየዋለሁ።»

«ተይው» አለኝ።

«ምን?»

«ተይው አልኩሽ። ስህተት ይሆናል። ለትንሽ ነገር ሰው ፊት አትካሰሺ።»

ድንቄም ስህተት! ለአምስት ሳንቲም የሚያስመልሰኝ ሰው ዛሬ «ተይው»? ዓይኑን ደግሞ ከእኔ አሽሽቶ ጫማውን ይፈታል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይባል የለ? ካርኒውን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

በሳምንቱ ገበያ ወጣሁ። የደብሩን ቄስ እኅት አየኋት። ባሏን ፈታ ከመርሐቤቴ ቆላ የተመለሰች ናት፤ ቤቷ ከደብሩ አጥር ሥር ነው። መልከ መልካም ናት፣ ምን ልዋሽ። የኛን ጉንጭ ብርዱ እንደ ቆዳ አድርቆት፣ የሷ ግን ቆላ የከረመ ነውና ይለሰልሳል። ደግሞ ወልዳ ያሳየች ናት። እኔ እንግዲህ ከሁሉም ይህቺኛዋን ነው ያልቻልኳት። ያን ቀን ራሷ ላይ አዲስ ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ ካገር ገበያተኛ ሁሉ ከሩቅ ይለያል።

ሻሽ።

ገበያው መካከል ክው አልኩ። «ሻ» ማለት ሻሽ ናታ! ቀደም ባለው ዓመት ሱቁ ውስጥ ሻሽ ገብቶ ነበር፤ ሴቱ ተጋፍቶ ሳያገኘው አለቀ ተባለ። ከባንኮኒው ሥር ለባለሥልጣን ሚስት ይሸጣል ሲባል ሰምቻለሁ። የኔ ጌታም ከባንኮኒው ሥር ገዝቶላታል በሉኛ! እኔ የደበዘዘ ሻሽ አስሬ የሱን ሳንቲም እየጠበቅሁ፣ እሱ በኔው ቤት ካርኒ የሌላ ሴት ራስ ያስውባል። የገዛሁትን ሽንኩርት ሳልይዝ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ደሞዝም «ሻ» መጣች። በሚቀጥለውም። ምንም እንዳላየ ሰው ድምሩን እደምርና «ልክ ነው» እለዋለሁ። እሱም «ጎበዝ» ይለኛል። ጎበዝ! እንዴት እንደሚያቃጥል! አንድ ቀን ደግሞ ከወፍጮ ቤት ስመለስ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሴትየዋ ደጃፍ ቆሞ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይሰጣታል። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፣ ራሷንም ዝቅ አደረገችለት። እሱ ዙሪያውን አየና ፈጠን ብሎ ሄደ። የተሸከምኩት ዱቄት ከጀርባዬ ይኑር ይውደቅ አላወቅሁም፤ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ እሱ ፈጣሪ ያውቃል።

ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቤ የሷን ሻሽ ስፈታና ሳስር ሰነበትኩ። ስንት ቀለም ይኖራት ይሆን? ቢጫው ታየ፤ ሌሎቹን የት ታስቀምጣቸዋለች? ነገ ከነገ ወዲያ እናቱ መጥተው «እሺ በል» ይሉታል፣ ሰውየው «እሺ» ይላል፣ እኔ ባናዬን ተሸክሜ ወደ አባቴ ቤት። ሌላ ምን አለ?

መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም። ካርኒዎቹን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ ከኋላዬ አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ቆመዋል። ተራዬ ሲደርስ ካርኒዎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው።

«ጓድ፣ ይቺን ያልወሰድነውን ዕቃ ስታስከፍለን ከርመሃል። ገንዘቤን መልስ።»

«የቷን?»

«ይቺን! ሻ!»

ሰውዬው ካርኒዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «ባልሽን ጠይቂ» አለ ቀስ ብሎ።

«የሸጥከው አንተ ነህ፣ አንተን ነው የምጠይቀው! ሻሹን ከየት አመጣኸው? ለኛ አልቋል አላልክም?»

«የምን ሻሽ?» አለ። ከዚያ ገባውና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ተናገረኝ። «ሻማ ነው፣ አንቺ ሴት! ሻማ! የፓርቲ እጩ በየወሩ ሻማ ለምን እንደሚገዛ እዚህ ሰልፍ ፊት ልጩኸው? እኔ አፌን ዘግቼ ስሸጥለት፣ አንቺ ልታስይዢው ነው?»

ሻማ። በኛ ቤት የሚበራው ኩራዝ ነው። ሻማ ገብቶ አያውቅም።

ከኋላዬ ያሉት አሮጊት ክንዴን ይዘው ከሰልፉ ወጣ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አልሰማሽም ነበር?» አሉኝ። «ለእመቤታችን የተሳለው ነው እኮ፤ ልጅ እንድትሰጣችሁ። ጧፍ ከገበያ ቢገዛ ሰው ያየዋል፤ ሻማ ግን ለመብራት ነው ይላል። እሱ ከደብሩ ደጅ ከታየ በስብሰባ ስለሚያነሱበት፣ የቄሱ እኅት ታደርስለታለች። እኛ ደብሩን የምንስመው ሁሉ እናውቃለን። አንቺም ታውቂያለሽ ብለን ነበር።»

«ሻሹስ?» አልኩ።

«የምን ሻሽ? የሷን ነው? እሱንማ ከቆላ ነጋዴ በእንቁላል ሽያጭ ነው የገዛችው።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ አይደል? ማንም ሰው እፎይ ይል ነበር። እኔ ግን አሮጊቷ ያሉት አንድ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «እኛ እናውቃለን።» በሱ ሹመት የተነሳ ከደብሩ ደጅ የቀረሁ እኔ፤ ልጅ ያጣሁ እኔ፤ ስለቱ የኔ። የሚያውቁት ግን እነሱ። ከሁሉም በፊት ደግሞ እሷ።

ማታ እራት ሳላቀርብ ካርኒዎቹን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አየና ገባው።

«ለምን ለኔ አልነገርከኝም?»

«ሳይሰምር ቢቀር ሁለት ጊዜ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ለሷስ?»

ካርኒዎቹን አንድ ላይ ሰበሰባቸው። «ለሷ አልነገርኳትም» አለ በመጨረሻ። «አገኘችኝ። አንድ ቀን ከደብሩ አጥር ሥር ቆሜ ሳለቅስ አገኘችኝ።»

ይህ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። የአባቱ መርዶ ሲመጣ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የዋለው። እኔ ጎኑ እየተኛሁ ያላየሁትን እንባ የአጥር ሥር ጎረቤት አየችው። ሻሽ ምን አላት? ሻሽ ይደበዝዛል፣ ይቀደዳል። ይኼንን ግን ከሷ ላይ እንዴት ላስመልሰው?

«ሻሹን በገዛህላት ይሻለኝ ነበር» አልኩት።

ከልቤ ነው ያልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

ደሞዝ ደረሰ። አስቤዛውን ይዞ መጣ። እንደ ልማዴ መደቡ ላይ ደረደርኩና ካርኒውን ዘረጋሁት። «ስ»፣ «ሳ»፣ «ጨ»፣ «ክ»። ድምሩ ልክ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ምንም የለም።

«ተሳስቷል» አልኩ።

«አልተሳሳተም» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጫማውን እየፈታ ነበር። «ዛሬስ አልተሳሳተም።»

እኔ በምላሴ አስጥዬው ይሁን፣ ተስፋው ራሱ አልቆ ይሁን አልጠየቅሁትም። እናቱ ይኼን ሁሉ ወር ሲለምኑት ዝም ያለው ለካ ያቺን «ሻ» ይዞ ነው። አሁን ምን ይዞ ዝም ሊል ነው? ያን ወረቀት ሳየው ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ የጎደለ መሰለኝ።

በማግሥቱ ሱቁ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ሲያየኝ ገና ከሩቅ ተማረረ።

«ደግሞ ዛሬ ምን ጨመርኩብሽ?»

«መቼ ጨመርክ አልኩህ? ጎድሏል ነው የምልህ። ወደ ታች ተሳስተሃል።» ካርኒውን ዘረጋሁለት። «ሻ የለችበትም። ጻፍ።»

ሳንቲሙን ከመቀነቴ ፈትቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። ሰውዬው ለመሳቅ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ፊቴን አይቶ ተወው። ዞሮ ሻማውን አወረደ። ከዚያ ካርቦኑን ከሥር አደረገና ያ ወረቀት የሚሰስት ሰው ሙሉውን ቃል ጻፈው፤ «ሻማ»።

ሻማውን ከነጠላዬ ሥር ይዤ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ስንት ዓመት ያልረገጥኩት መንገድ ነው፤ እግሬ ግን አልረሳውም። የቄሱ እኅት ደጃፏን ስትጠርግ አገኘኋት። ቢጫ ሻሿን አስራለች። ከነጠላዬ ሥር ያለው ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች፤ እንዴት አታውቅ!

«አንቺ ደግሞ ለምን ደከምሽ?» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። «ሰው ያይሻል፣ ለባልሽም አይሆንበትም። ስጪኝ፣ እንደ ወትሮው እኔ አደርስላችኋለሁ።»

ሁለት እጇን ዘረጋች። ለሱ እንደዘረጋችለት አድርጋ።

«ይኼስ የኔ ነው» አልኳትና አልፌያት ወደ ደብሩ ገባሁ።