የእትዬ ይርገዱ እሳት

እትዬ ይርገዱ ከተዳሩ ጀምሮ ምድጃቸው ቀዝቅዞ አያውቅም። ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፤ ጧት ገለጥ ሲያደርጉት የወረታ ከተማ ግማሽ ሴት የሸክላ ገሏን ይዛ "እሳት ልጫር" እያለች ደጃቸው ላይ ናት።

አንድ ቅዳሜ ነጋዴው ኡመር የነጭ ጋዝ ምድጃ ሸጠላቸው። "እየነደደ ጋዝ እንዳይጨምሩበት፤ በሩንም ክፍት ያድርጉት፤ ሲጨርሱ ደግሞ ያጥፉት" አላቸው።

ሁለቱን ምክር ተቀበሉ። ሦስተኛው ግን እርግማን መሰላቸው። "በእኔ ቤት እሳት ይጥፋ? ሟርትህን ለራስህ አድርገው!"

ማታ ሽሮው እንደበሰለ ነበልባሉን ዝቅ አድርገው አንድ ቁና አመድ አለበሱት። ጧት ጎረቤቶች ገል ገል ይዘው ሲመጡ ምድጃው ጥላሸት ለብሶ፣ ጉሮሮው በአመድ ታንቆ፣ ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።

እትዬ ይርገዱ ምድጃውን ታቅፈው ኡመር ሱቅ ገቡ። "አንድ ሌሊት ማደር ያቃተው፣ ምን ዓይነት ልፍስፍስ እሳት ነው የሸጥህልኝ?"

ኡመር ሳቁን ዋጥ አድርጎ አመዱን ያራግፍ ጀመር። "እትዬ፣ ይኼ አይዳፈንም። ማታ ያጠፉታል፣ ጧት ክብሪት ይጭራሉ፣ አለቀ! የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቢገዛውማ፣ እሳት ብሎ ደጅዎን የሚረግጥ አይኖርም።"

እትዬ ይርገዱ ምድጃውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

"ታዲያ የሰፈሩን ወሬ ጧት ጧት ማን ሊያመጣልኝ ነው? ክብሪቱ?"