የአካሉ ጀርባ

በ1977 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ አቶ አምባቸው ፎቶ ቤት ሙያ እማር ነበር። እሳቸው ደንበኛውን ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ፊት ለፊት ያነሳሉ። እኔ ግን "ፊትማ ማንም ያነሳል" ባይ ነበርሁ። ሰውን ከጀርባው፣ ወደ ጣና ሲመለከት ሳነሳ የራሴን አነሳስ ያገኘሁ መሰለኝ።

ጎረቤታችን አካሉ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ፣ ለእናቱ የሚተወው ፎቶ እንዳነሳው ለመነኝ። ሐይቁ ዳር ወስጄ አቆምሁት።

"ፊቴ አይታይም እኮ" አለኝ።

"ዝም ብለህ ቁም፤ አንተ ስለ ፎቶ ምን ታውቃለህ?" አልሁት። ዛሬም ይህን ቃሌን ሳስብ የምገባበት ይጠፋኛል።

ፎቶው አማረ። አቶ አምባቸው እንኳ አንዱን ቅጂ መስኮታቸው ላይ ሰቀሉት።

በዓመቱ የአካሉ መርዶ መጣ። አስከሬን ሳይመጣ ሲቀር ለቅሶው ላይ ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል። እናቱ እማማ ሸጊቱ ያንን ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው ድንኳኑ መሀል ቆሙ። አልቃሿ ዓይኑንና ጥርሱን እያነሳች ልታስለቅስ ፎቶውን ቀና ብላ አየችና ግጥሙ ጠፋት።

እማማ ሸጊቱ ፎቶውን ገለበጡት። ከኋላው ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞሩና፣ "ልጄ፣ ፊቱ በየት በኩል ነው?" አሉኝ።