በሁዳዴ በግ ላሻሽጥ የወጣሁ ዕለት

ለልጆች በልበ ሙሉነት ስታስረዱ ቆይታችሁ፣ ከመካከላቸው አንዷ ያላችኋትን በእውነት ልታደርገው ስትነሳ አይታችሁ ደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደንግጫለሁ። ያውም ዘግይቼ።

የማስተምረው ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ፣ የጮቄ ብርድ በማይለቃት ትምህርት ቤት ነው። ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር የመቶኛን ምዕራፍ እንደጨረስኩ «የገንዘብ አያያዝ» የሚል ትምህርት ከራሴ ጨመርኩበት። ማንም አላዘዘኝም። ሰሌዳውን በማስመሪያ ለሦስት ከፍዬ በሦስት ቀለም ጠመኔ «የግድ የሚያስፈልግ»፣ «ቢኖር ጥሩ የሆነ»፣ «ቁጠባ» ብዬ ጻፍኩ። የራሴ ደሞዝ ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ ግን የትኛውም ረድፍ ላይ አልጻፍኩም።

ከዚያ ማን ምን ጥሪት እንዳለው ጠየቅሁ። አብዛኞቹ ሳቁ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን በግ እንዳላት ተናገረች። እንቁላል ሸጣ ዶሮ፣ ዶሮ ሸጣ ግልገል ገዝታ፣ ቀልባ ሙክት ያደረገችው ነው። በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሮብ ገበያ ቤት መከራየት አለባት። አባቷ ስንቅ እንጂ ኪራይ እንደማይችሉ ቁርጡን ነግረዋታል። በጉ አንድ ነገር ከሆነ ትምህርቷ እዚያው ስምንተኛ ላይ ይቆማል።

ይሄኔ ማብራሪያዬ ገነፈለ። በግ ይታመማል፣ ይሰረቃል፣ ጅብ ይበላዋል። ባንክ የገባ ብር ግን ጅብ አያየውም፤ ወለድም አለው። ወለዱን እስከ ሳንቲሟ አስልቼ አሳየኋት። ትንሽ ብትቆይ ምን እንደሚመስለኝ ስትጠይቀኝ፣ ማመንታት ለገንዘብ ጥሩ እንዳልሆነ ነገርኳት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አብረን ወረድን። የገበያ ቀን ግማሹ ክፍል ባዶ ስለሚሆን የት ሄዳችሁ ያለን የለም። እሷ በጉን በገመድ ትስባለች፣ እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ። የከብት ተራው ላይ ከገዢ ይልቅ በግ ይበዛል። ይህን አይቼ እንኳ አልነቃሁም።

ጋቢ የደረቡ አንድ ነጋዴ መጡና የበጉን ላትና ጀርባ ዳብሰው ስድስት ሺህ ብር እሰጣለሁ አሉ። እኔ ተቀበይ፣ ተቀበይ እያልኩ ጆሮዋ ሥር አንሾካሹካለሁ። ሰውየው ብሩን መቁጠር ጀመሩ። ልጅቷ ገመዱን ሳትለቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ትናንት ራትዎን ምን በሉ?»

«ሽሮ።»

«ለምን ሽሮ?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ይሄን በግ አሁን ማን ሊበላው ነው?»

ነጋዴው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ብሩን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ «ልጄ፣ ጠመኔውን አንቺ ተቀበይው» አሏት። እሳቸው ራሳቸው በጾም ገዝተው ለፋሲካ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁት፣ በየዓመቱ ሃምሳ አምስት ቀን የምጾመው እኔ ግን ሆዴንና ገበያውን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። ደሞዝተኛ በግ ትዝ የሚለው በበዓል ዋዜማ ነው፤ ያኔም ተወደደ ብሎ ለመማረር።

በጉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ፈሪው እኔ ሆንኩ። በሽታና ጅብ ያልኩት እኮ ውሸት አልነበረም። በየጠዋቱ ስም ከመጥራቴ በፊት በጉ እንዴት አደረ እያልኩ እጠይቃታለሁ። ልጆቹ ይህን ይዘው መሳቂያ አደረጉኝ፤ አንዱ በጉንም ከስም መጥሪያው ላይ እንዳስገባው መከረኝ። አንድ ቀን ሌሊቱን ሲያስል አደረ ስትለኝ የዚያን ዕለት ያስተማርኩት ክፍልፋይ ሁሉ ተሳሳተብኝ።

የፋሲካ ሳምንት እንደገና ወረድን። አሁን እንዳልናገር አስቀድማ አስጠነቀቀችኝ፤ ራቅ ብዬ እንድቆምም ለመነችኝ፣ ቸኩዬ ዋጋ እንዳላበላሽባት። አስራ አንድ ሺህ ጠራች። ሁለት ገዢዎች ጥለዋት ሲሄዱ እኔ ከሩቅ ላብ አጠመቀኝ፤ እሷ የበጉን ጠጉር ታበጥራለች። ሦስተኛው ገዢ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ተሳድቦ፣ በዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ወሰደው።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ባንክ ገብታ የዓመቱን የኪራይ ድርሻዋን አስቀመጠች። የቀረውን ግን አላስገባችም። ወለዱን ላስታውሳት አፌን ስከፍት፣ በዓሉ ሲያልፍ ግልገል እንደሚረክስና ታናሽ እህቷ እንደምትጠብቅላት ነገረችኝ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። አንድ ልጅ የራሱን ነገር ይዞ ገበያ ሲወጣ ተከተሉት፣ ግን አስር እርምጃ ራቁ። ዋጋ ሲጠራ ዝም በሉ። ገዢው ጥሎት ሲሄድ፣ ከባዱ እሱ ነው፣ ያኔም ዝም በሉ። የምታስረዱት ካላችሁ ስትመለሱ በመንገድ ላይ ይደርሳል፤ እሱም ልጁ ከጠየቃችሁ ነው።