የኡዌሌሴ ግራ ጉልበት

አባቴ ኡዌሌሴ በሃያ አራት ዓመቱ ከነቃሹ ምንጣፍ ላይ ተነስቶ የሮጠ ሰው ነው። ወገቡና ቀኝ እግሩ ተነቅሶ አልቆ፣ ግራ ጉልበቱ ጋ ሲደርሱ ሕመሙ በዛበት። በእኛ በሳቫይ ደሴት ወንድ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ይነቀሳል፤ ጀምሮ ያልጨረሰ «ሙቱ» ይባላል፤ ጎደሎ ማለት ነው። ስሙ አርባ ዓመት ሙሉ ተከተለው። ለአለቆች መጠጥ ሲቀርብ እሱ አይጠራም።

ስኳር በሽታ ከያዘው ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበቱ በላይ ድረስ ደነዘዙ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። የእኔ አባት ግን ነቃሹን ሴሚሲን አስጠራ።

«አሁን አያመኝም፤ ጨርስልኝ» አለው። ስለ ስኳሩ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ፤ ለዚህ ዛሬም ራሴን ይቅር አላልኩም።

ዘመዶቹ እንደ ደንቡ ዙሪያውን ተቀምጠን ስንዘፍን፣ ሴሚሲ መንቀሻውን በዱላ እየመታ ቆዳውን ሲበሳ፣ አባቴ የተቀቀለ ጎደሬ ይበላል።

«ጀመርክ እንዴ?»

«እያገባደድኩ ነው፣ አንተ ሰውዬ። እንዲህ ያለ ጀግና ሆነህ እስከ ዛሬ የት ተደብቀህ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን።

ንቅሳቱ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱ ጠቁሮ መሽተት ጀመረ። ሐኪሙ ከጉልበት በላይ ይቆረጥ አለ። ነርሷ ማኬሪታ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልሞክር ብላ፣ በቤተ ሙከራ ንጹሕ ሆነው የተፈለፈሉ የዝንብ ትሎች ከአውስትራሊያ አስመጣች።

«ቁስል መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይገነባል» አለችን። «የእርስዎ ግን፣ አባባ፣ መሃል መንገድ ላይ ቀርቷል። ለማጽዳት የመጡት ሴሎች ስኳሩ ስላወካቸው ሥራቸውን አያቆሙም፤ አዲስ የሚሠራውን ሥጋም ያፈርሱታል። የትሉ ምራቅ የሞተውን ያሟሟል፣ ሴሎቹንም ያረጋጋቸዋል።»

«ንቅሳቱስ?» አለ አባቴ።

ማኬሪታ ጓንቷን አስተካከለች። «ቀለሙ ያለው የሞተው ቆዳ ላይ ነው። አብሮ ይሄዳል።»

«ማንም ካልነካውስ?»

«ደምዎ ይመረዛል። ወር አይሞላዎትም።»

«ወር ይበቃኛል። ሙሉ ሆኜ ልቀበር።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። «እናቴን ቀብሬያለሁ» አልኩት። «አንተን ደግሞ ለአንድ መዳፍ ቆዳ ብዬ አልቀብርም። ስትነቀስ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን ዝም አልልም።»

«እሺ» አለ አባቴ፣ ሻይ ትጠጣለህ የተባለ ያህል።

ትሎቹ ሲገቡ ሰሊጥ ያክሉ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ሲወጡ የሩዝ ፍሬ አክለው ነበር። ሦስት ዙር ተደረገለት። በየዙሩ ፋሻው ሲፈታ ከንቅሳቱ ጥቂት መስመር ጠፍቶ ይገኛል። እኔ ቆጠርኩ፤ እሱ አላየም። በሦስተኛው ዙር ማኬሪታ ቀዩን፣ እርጥቡን አዲስ ሥጋ አሳየችኝና እጄን ጨበጠች። እግሩ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ድካም ብቻ ነው።

ቁስሉ ከገጠመ በኋላ ሴሚሲ መጣ። ስለ ስኳሩ ሰምቶ ነበርና ዓይናችንን ለማየት ከበደው።

«ጨርሰኸው ነበር» አለው አባቴን። «ምስክሩ እኔ ነኝ። ለአለቆቹ ልንገራቸው፤ ከእንግዲህ ማንም ሙቱ አይልህም።»

«ተወው» አለ አባቴ። «ስትሠራውም አልተሰማኝም፣ ትሎቹ ሲበሉትም አልተሰማኝም። እሱ የእኔ አልነበረም።»

ከዚያ ጣቱን ከጉልበቱ በላይ፣ የድሮው መስመር ያበቃበት ላይ አሳረፈ።

«የእኔ እስከዚህ ነው። አሞኝ እስከ ሮጥኩበት።»