ለቤት ሰው አይነሳም

ቁጡ ነኝ፤ ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አረጋውያንን ሳጥብ፣ ሳለብስና ሳጎርስ ስለኖርኩ ሰው ሁሉ ትዕግሥቴ ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል። ትዕግሥቴ ለአረጋውያኑ ብቻ ነው። ለአለቃ፣ ለወረቀትና ለሚጮህ አላርም ቅንጣት ታህል የለኝም። በዚያ ሰሞን ግን ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በራሴ ነበር።

የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ከፌርፋክስ ጎዳና፣ የእኛ የሐበሾቹ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት፣ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። ምድር ቤት የሚተኙት ከሆስፒታል ወጥተው እስኪያገግሙ የሚቆዩ ናቸው። ፎቅ ላይ ያሉት ግን ነዋሪዎች ናቸው፤ እዚያ የወጣ ሰው ተመልሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ክፉ ቦታ አይደለም። እኔም ብዙ ዓመት ፎቅ ላይ ሠርቻለሁ፤ እንደ ዘመድ የምወዳቸው ሰዎች አሉኝ። ቢሆንም ቤት ያለው ሰው ሳይወድ በግድ ወደዚያ ሲወጣ ማየት አልወድም።

ጋሼ የመጡት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በኋላ ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ ትምህርቱ በመሀል ሲቋረጥ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ገብተው የእንግዳ መኪና እያቆሙ ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቫን ናይስ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቷ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች፣ አመሻሹ ላይ ትመለሳለች፤ በመሀሉ ጋሼ ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ከወንበር ራሳቸውን ችለው መነሳት ከቻሉ ወደ ቤታቸው፣ ካልቻሉ ወደ ፎቅ። ፈተናውም በወረቀት ሰፍሯል። የወንበሩን መደገፊያ በእጅ ሳይዙ አምስት ጊዜ መነሳት፣ በቃ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ፊሊፒናዊ ነው፤ ለስላሳ፣ ሳቂታ፣ ሰው የማያስቀይም። የመጀመሪያ ቀን ወገባቸው ላይ ሰፊውን ቀበቶ አሰረላቸውና እንዲነሱ በምልክት አሳያቸው። ጋሼ እንግሊዝኛውን ከእኔ አሳምረው ቢናገሩም መልሱን ለእኔ በአማርኛ ሰጡኝ።

«ልነሳ? ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም ጋሼ፣ ለእግርዎ ስፖርት ነው። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ።»

«ይሄማ ቁጭ ብድግ ነው! እኛ ትምህርት ቤት የረበሸ ልጅ ነበር የሚሠራው። ምን አጥፍቼ ነው? ሠላሳ ዓመት ቆሜ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ኖሬ ዛሬ መነሳት ልማር?»

እጃቸውን አጣጥፈው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም አሳጥሬ «ደክሟቸዋል» ብዬ ተረጎምኩለት። ፊዚዮቴራፒስቱ «ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ ጻፈ። በማግስቱም ያው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው።

ሳይታዘዙ ግን ይነሱ ነበር። በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የድሮ ወዳጃቸው ከፌርፋክስ ሊጠይቃቸው መጣ። ገና በሩ ላይ ሲታይ ጋሼ «ኖር!» ብለው ብድግ ሲሉ እግራቸው ከዳቸው። ደግነቱ አጠገባቸው አልጋ ሳነጥፍ ነበርኩ፤ ወገባቸውን አፈፍ አድርጌ መልሼ አስቀመጥኳቸው። በዚያው ዕለት ወንበራቸው ላይ ከፍ ባሉ ቁጥር የሚጮህ አላርም ተገጠመ።

እኔ ደግሞ ከአላርሙ የተሻለ ዘዴ አለኝ አልኩ። ሐበሻ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ኮሪደር ላይ አስቁሜው፣ «ሳይገቡ፣ ገና ከዚህ ሆነው ‹በእግዜር!› ይበሉ» እለዋለሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለትን፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ማስቀመጡን የማያውቅ ወጣት ካለ ወላጆቹን ይጠይቅ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሳይነቃነቁ «በእግዜር! በእግዜር!» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ ይመጣል፤ እሳቸውም ተነስቼ ነበር በሚል ዓይነት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቀመጣሉ። ወግ ተጠበቀ፣ ሰውም አልወደቀ። እንዴት ያለሁ ብልህ ነኝ እያልኩ ሁለት ሳምንት ተኩራራሁ።

ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ የእግራቸውን ጉልበት ለካ። ከመጡበት ቀን ይልቅ ደክሟል። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻው ፈተና ተደርጎ ይወሰናል ተባለ። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሶ አባዬ ካልተነሳ ምንድነው የሚሆነው? ጆቤን ኩዊት ላድርግ? እሱ ደግሞ ፎቅ ከምወጣ ብሞት ይሻለኛል ይላል። ፕሊስ፣ አንቺ ስትነግሪው ይሰማል።»

እሺ አልኳት እንጂ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ምሳዬን ይዤ ሠራተኛ የሚያርፍበት ክፍል ገባሁና የአላርሙን መዝገብ አብሬ ወሰድኩ፤ በጮኸ ቁጥር የምንጽፍበት ደብተር ነው። በንዴት ሳገላብጠው አንድ ነገር አየሁ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አላርሙ የጮኸው በአንድ ሰው ምክንያት ብቻ ነው። በዚያው ክፍል ሌላኛው አልጋ ላይ የሚተኙት የሜክሲኮ ሽማግሌ ሚስት ናቸው፤ ባላቸውን ሊጠይቁ ሲገቡ። ሴትዮዋ «በእግዜር» የሚባል ነገር አያውቁም። ስለማያውቁም ጋሼን የሚያስቀምጣቸው የለም፤ መደገፊያውን ጨብጠው እስከ መጨረሻው ይነሱላቸዋል፣ አላርሙ ይጮሃል፣ እኛ እየሮጥን ገብተን እንቆጣቸዋለን።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሰውዬው በሕይወታቸው የሚሠሩት ስፖርት ይህ ብቻ ነበር፤ ለእንግዳ መነሳት። እሱንም የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በጨዋ ደንብ። የፊሊፒንስ ልጅ ባያውቀው አይፈረድበትም። እኔስ? ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ያንኑ ዕለት ፊዚዮቴራፒስቱን ይዤ አንድ በአንድ አስረዳሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝና፣ «ስለዚህ መድኃኒታቸው እንግዳ ነው?» አለኝ።

«እንግዳ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ሌላ ሆነ። እሱ ቀበቶውን አስሮላቸው ከጀርባቸው ይቆማል፤ እኔ ከኮሪደር ሰው አስገባለሁ። የሜክሲኮዋ እናት ነገሩ ሲገባቸው እየሳቁ፣ ጥቂት እየቆዩ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይወጡና ይገቡ ጀመር። የጋሼ ልጅ ለአባቷ ጓደኞች ደወለች፤ ጡረተኞች ናቸው፣ ጊዜ አላቸው፣ መጡ። አስቸጋሪው ሐበሻውን ዝም ማሰኘት ነበር። «እስኪቆሙ ድረስ እንዳይናገሩ» ብዬ እለምናለሁ፤ ይሉኝታው ያሸንፋቸዋል። ከሁሉም የባሱት ፌርፋክስ ላይ ቅመምና የአገር ልብስ የሚሸጡት እትዬ ነበሩ።

«የታመመ ሽማግሌ ተቸግሮ ሲነሳልኝ እያየሁ አፌን ልዝጋ? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ?»

«ነውሩን ለእኔ ይተዉት እትዬ።»

«እሺ» ይላሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ «በእግዜር!» ብለው ይጮሃሉ።

አንድ ጊዜ እኔም ሞከርኩ። ወጣሁና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ገባሁ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?»

«ለእኔ አይነሱም?»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ» አሉኝ፣ እንደ ምርቃት አድርገው። «ለቤት ሰው አይነሳም።»

ሳቅኩ፤ ትንሽም ከፍቶኛል። በዚህ ሥራ ጠያቂው በአጠገባችን ሲያልፍ ከግድግዳው ለይቶ አያየንም። ለእኛ የሚነሳ የለም፤ የወደቀውን የምናነሳው ግን እኛ ነን። ጋሼ ክፉ ማለታቸው እንዳልሆነ እያወቅኩ ነገሩ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፈረ።

የፈተናው ሳምንት ሲጋመስ የጋሼ እግር ጠነከረ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ መደገፊያውን አይለቁም። ፈተናው ደግሞ ሳይዙ ነው የሚለው። ልጃቸውን፣ «አባትሽ ቤት ሲውሉ ምን ይለብሳሉ?» ብዬ ጠየቅኳት፤ እንዲያው ፍንጭ ፍለጋ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ባርኔጣውን ነዋ! ሻወር ቤት ብቻ ነው የሚያወልቀው።»

«አምጪው!»

በማግስቱ ግራጫውን ባርኔጣ ይዛ መጣች። ፀሐይ አለ ብዬ መስኮቱ ጋ እንደተቀመጡ አደረግኩላቸው። የድሮ ወዳጃቸው ገባ። ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ሰደው ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ በሁለት እግራቸው ብቻ ተነሱ። «ኖር!» ፊዚዮቴራፒስቱ ከጀርባቸው ሆኖ ሁለት አውራ ጣቱን አሳየኝ። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በፎጣ አፌን አፍኜ ጮህኩ።

ዓርብ ጠዋት አምስት እንግዳ ኮሪደሩ ላይ እንዲሰለፍ አዘዝኩ። አራቱ ተገኙ። አምስተኛው፣ ከቫን ናይስ ድራይቭ እያደረጉ የሚመጡት አበልጃቸው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው ፍሪዌይ ላይ ቆመዋል። የምትወስነው የመንከባከቢያው ኃላፊ ወረቀቷን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ለሌላ ቀጠሮ እንደምትሄድ ቀድማ ተናግራለች።

የድሮ ወዳጃቸው ገባ፤ ጋሼ ተነሱ። የሜክሲኮዋ እናት ገቡ፤ ተነሱ። ሌላ ጡረተኛ ገባ፤ ትንሽ ተንገዳግደው ተነሱ። አራተኛዋ እትዬ ነበሩ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ገቡ፤ አምላኬ ዛሬ ብቻ አልኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንስተው ከወንበሩ ግማሽ ሲደርሱ መዳፉ ተነሳ፤ «በእግዜር! በእግዜር!» አሉ እትዬ።

ጋሼ በመሀል ቀጥ አሉ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ይቀመጣሉ ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል በቁጣ ተናገሩ።

«‹ኖር› ሳልል ‹በእግዜር› ይባላል እንዴ? ምን ያለ ጥድፊያ ነው!»

ተጎተቱና ቆሙ። «ኖር!» አሉ፤ አሁን እንግዲህ መልሺ በሚል ድምፅ። እትዬ እንደ ተቆጣች ልጅ ቀስ ብለው «በእግዜር» አሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ አራት ጣቱን ወደ ኃላፊዋ አነሳ።

አምስተኛው የለም። ልጃቸው ስልኳን ታያለች፤ ኃላፊዋ ሰዓቷን ታያለች። አራቱ እንግዶች አልጋው ጠርዝ ላይና ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን ያያሉ። አሁን የገባ ሰው ወዲያው ወጥቶ ቢገባ ጋሼ ቀልድ መሆኑን ያውቃሉ። እኔ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ባጄን ከአንገቴ አወለቅኩ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ የምለብሰውን ካፖርት ከልብስ ማስቀመጫ ሎከሬ አውጥቼ በዩኒፎርሜ ላይ ደረብኩ፣ እስከ ላይ ቆለፍኩት። ካልተነሱ አለቀ፤ እኔም የቤት ሰው ነኝ።

በሩን አንኳኳሁ። በአሥራ አንድ ዓመት የነዋሪ በር ከፍቼ እገባለሁ እንጂ እንደ እንግዳ ቆሜ ግቢ እስክባል ጠብቄ አላውቅም። «ይግቡ» አሉ ጋሼ። ገባሁ።

አዩኝ። ካፖርቱን አዩ፣ ፊቴን አዩ። የፊዚዮቴራፒስቱንም አራት ጣት አይተው ይሆናል፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። ባርኔጣቸውን በቀኝ እጃቸው አነሱ፣ ግራቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ቀስ ብለው፣ መደገፊያውን ሳይነኩ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!» አሉ፣ ለእኔ።

ፊዚዮቴራፒስቱ መዳፉን ሙሉ ዘረጋ። ልጃቸው ጮኸች። ኃላፊዋ እየሳቀች ጻፈች። እኔ ግን በሩ ላይ ተተክዬ ቀረሁ፤ መልሱን እያወቅኩ ድምፅ አልወጣ አለኝ። እንባዬ ካፖርቴ ላይ ይወርዳል፤ ጋሼም መልስ ሳያገኙ አይቀመጡምና ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል።

«በይ እንጂ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «እግሬ አለቀ።»

«በእግዜር፣ ጋሼ» አልኩ። ተቀመጡ። ሰኞ ጠዋት ባርኔጣቸውን አድርገው በፊት ለፊቱ በር ወደ ቤታቸው ሄዱ።